«አሳድሩኝ» ከማለት «እዚህ ፈርም» እስከ መባል፦ የአሳዳሪ ኃላፊነት ታሪክ በአገራችን

(በመካኒሳ ለሕዝብ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሳችን አንዲት ቅጠል ወረቀት ናት። በቅርብ ዓመታት ከአዲስ አበባ እየወጡ ቅዳሜና እሑድን በድንኳን ማሳለፍ በወጣቶቻችን ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ተጓዡ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሻንጣውን ጭኖ፣ መኪናው ሊነሣ ሲል ወይም ድንኳኑ ከሚተከልበት ቦታ ደጃፍ ሲደርስ አንድ ፎርም ሊቀርብለት ይችላል። ይዘቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ በቆይታዬ በሕይወቴ፣ በአካሌ ወይም በንብረቴ ላይ ለሚደርስ ማናቸውም ጉዳት አዘጋጁን በኃላፊነት አልጠይቅም። ከሥር ስም፣ ቀን፣ ፊርማ። ፎርሙን የሚያነበው ጥቂት ነው፤ የሚፈርመው ግን ሁሉም ነው።

የዚህች ወረቀት ዘመዶች በየመንገዳችን አሉ። ከመካኒሳ ተነሥታችሁ ወደ ጀሞም ሆነ ወደ ሳሪስ ብትሄዱ በመኪና ማቆሚያው፣ በመኪና እጥበቱ፣ በእንግዳ ማረፊያው ግድግዳ ላይ «ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ጽሑፍ አታጡም። የሁለቱ ልዩነት ግን ቀላል አይደለም። የግድግዳው ጽሑፍ ስለ ዕቃ ይናገራል፤ የካምፑ ፎርም ስለ ሰው አካልና ሕይወት ይናገራል። የታሪክ ተማሪ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። እንግዳን የሚያሳድር ሰው ለእንግዳው ደኅንነት ተጠያቂ መሆን የጀመረው መቼና ለምንድን ነው? ይህስ ተጠያቂነት በአንድ ፊርማ ሊነሣ ይችላልን?

ኃላፊ እና አላፊ

ከቃሉ እንጀምር። «ኃላፊ» የሚለው ቃላችን ከግዕዙ «ኀለፈ» የመጣ ነው። በአንድ በኩል የሚያልፈውን፣ መንገደኛውን ያመለክታል፤ «አላፊ አግዳሚ» ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው። በሌላ በኩል የበላይ ሆኖ የሚጠየቀውን ሰው ያመለክታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አማርኛ ቅጂ ዛሬ «ኃላፊነት» የምንለውን «አላፊነት» ብሎ ስለ ጻፈው የሁለቱ ትርጉሞች ዝምድና በሕጉ ገጾች ላይ ጎልቶ ይታያል። እኔ ከቃሉ ታሪክ ሕግ ለማውጣት አልሞክርም። ነገር ግን የአላፊው መንገደኛና የተጠያቂው አሳዳሪ ጉዳይ በአንድ ቃል ውስጥ ተዳብሎ መኖሩ ለዛሬው ርእሳችን ጥሩ መግቢያ ነው።

ከወረቀት በፊት

ሆቴል ባልነበረበት ዘመን መንገደኛው ሲመሽበት ከአንድ ቤት ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ብሎ ያስገባል። በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ እንግዳው ራሱን በአሳዳሪው እጅ ያኖራል፤ ተኝቶ ሳለ ራሱን ሊጠብቅ አይችልም፣ አካባቢውን አያውቅም፣ የሚጮኽለት ዘመድ የለውም። ሁለተኛ፣ አሳዳሪው ይህን እያወቀ ይቀበላል። በቤቱ ያደረ እንግዳ ቢጎዳ ነውሩ የባለቤቱ ነው።

ነገሩ በነውር ብቻ አያበቃም ነበር። በሰሜንና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበር። ሰርቆ ወይም ገድሎ የተሰወረ ሰው ሲኖር የአካባቢው ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን እንዲያወጣ ይጠየቃል፤ ከስብሰባው የቀረ ይቀጣል። አጥፊው ካልተገኘ ካሣው በአካባቢው ሰው ሁሉ ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር። ስለዚህ ሩቅ አገር የሚሄድ ነጋዴ የሚያልፍበት መሬት ባለቤት አልባ አልነበረም። በዚያ መሬት ላይ ለሚደርስበት በደል የሚጠየቅ ማኅበረሰብ ነበረ።

ይህን ዘመን እንደ ወርቃማ ዘመን እንዳንስለው እጠነቀቃለሁ። አፈርሳታ ንጹሑን ከአጥፊው ጋር የሚቀጣ ሥርዓት ነበር። የንጉሥ እንግዳ ሲያልፍ ድርጎ የሚያቀርበው፣ በጉንና እንጀራውን፣ ማሩንና ጠላውን ከጎተራው የሚያወጣው ገበሬ ነው፤ የእንግዳ ተቀባይነቱ ስም ግን ለጌታው ይተርፍ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ኃላፊነት እንደ ውኃ መሆኑን ነው፤ ካልተገደበ በስተቀር ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳል። ትናንት ዝቅተኛው ቦታ የአሳዳሪው ገበሬ ጎጆ ነበር። ዛሬ የተጓዡ ፊርማ ሆኖ እንደሆነ መመርመር አለብን።

ሌላም ነገር ልብ እንበል። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ቀድሞ የንጉሥ ጦር የሚሰፍርበትን ቦታ፣ የድንኳን ሰፈርን ያመለክት ነበር። ይህች አዲስ አበባ ራሷ ከእንጦጦ ወርዶ በፍል ውኃ ዙሪያ ከሰፈረ ቤተ መንግሥት የተወለደች ናት። በነገሥታቱ ሰፈር ውስጥ የቀኙ፣ የግራው፣ የፊቱና የኋላው ቦታ በማዕርግ የተደለደለ ነበር፤ እያንዳንዱ ሹም የሚሰፍርበትና የሚጠብቀው ስፍራ ነበረው። ድንኳን ተክሎ ማደር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው ድንኳን አስተካዩ «ለሚደርስባችሁ አልጠየቅም» ብሎ ማስፈረሙ ነው።

የሮማውያን ጥርጣሬ

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አልነበረም። የሮም ሕግ ለመርከበኞች፣ ለእንግዳ ማደሪያ ባለቤቶችና ለበረት ጠባቂዎች ጥብቅ ደንብ ነበረው፦ በደኅና የተቀበሉትን ዕቃ በደኅና ይመልሱ፤ አለዚያ ይጠየቁ። የሦስተኛው ክፍለ ዘመን የሕግ ሊቅ ኡልፒያኖስ ምክንያቱን ሲያብራራ እነዚህን ሰዎች ማመን ለመንገደኛው ግዴታ መሆኑን፣ ደንቡ ባይጠብቅ ኖሮ ከሌቦች ጋር ለመመሳጠር መንገድ ያገኙ እንደ ነበር ይገልጻል። የኃላፊነቱ መሠረት ፍቅር አልነበረም። መሠረቱ አንድ ሰው ምርጫ አጥቶ በሌላው እጅ የሚወድቅበት ሁኔታ ነው።

በ533 እ.ኤ.አ. በዩስጢንያኖስ ትእዛዝ በተጠናቀረው የሕግ ስብስብ ውስጥ የዚሁ ሊቅ ሌላ አስተያየት ይገኛል። የመርከቡ ሹም «እያንዳንዱ ተሳፋሪ ዕቃውን ራሱ ይጠብቅ፣ እኔ ለጥፋቱ አልጠየቅም» ብሎ አስቀድሞ ቢያስታውቅና ተሳፋሪዎቹ ቢስማሙ አይከሰስም። እንግዲህ የፎርማችን ቅድመ አያት ይህ ነው። ሁለት ወሰኖቹን ግን እንመልከት። ማስታወቅ ብቻውን አልበቃም፣ ስምምነትም ተጠይቋል። ደግሞም የተነገረው ስለ ዕቃ ነው። ተሳፋሪው ሕይወቱን ራሱ ይጠብቅ የሚል ነገር በዚያ የለም።

የ1952 ሕግ

በአዲስ አበባ የእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራበት ሆቴል በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር እንግዳን በገንዘብ ማሳደር የከተማ ሙያ ሆነ። ሙያው ከነውርና ከይሉኝታ የተለየ ደንብ ያስፈልገው ነበር። ደንቡ ሙሉ ሆኖ የመጣው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 165/1952 ነው። ሕጉ የጸናው ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ ከፈረንሳይ ሌላ የስዊስንና የሌሎች አገሮችን ሕጎችም ተመልክተዋል።

ይህ ሕግ እንግዳን የማሳደር ውልን ከሐኪም ቤት ውል ቀጥሎ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ጎረቤትነታቸው ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። በሽተኛውም፣ ያደረ እንግዳም ራሱን ለሌላ ሰው ጥበቃ አሳልፎ የሰጠ ነው። ስዊሶች ደግሞ በዚሁ የእንግዳ ማሳደር ጉዳይ ባለ ሆቴሉ በግድግዳ ላይ በሚለጥፈው ማስታወቂያ ከኃላፊነቱ ሊያመልጥ እንደማይችል በግዴታ ሕጋቸው ደንግገዋል። የመኪና ማቆሚያችንን ግድግዳ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

ስለ ፎርማችን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ምን ይላል? አራት ነገሮችን ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ተዋዋዮች በውላቸው ኃላፊነትን ማጥበብ ይችላሉ፤ ጥፋት ካልፈጸምን አንጠየቅም ብለው መስማማት ይፈቀድላቸዋል። እንግዲህ ሕጉ ያስቀመጠው ወለል ጥፋት ነው። ውል እስከዚያ ሊወርድ ይችላል። የበሰበሰ ገመድ እያወቀ ያሰረ አዘጋጅ ግን ከወለሉ በታች ነው ያለው።

ሁለተኛ፣ በቁጥር 1686 መሠረት አንዱ ወገን ለሁሉም ደንበኛ አስቀድሞ ያሰናዳቸው ጠቅላላ የሥራ ደንቦች ሌላውን የሚያስገድዱት ዐውቆ ሲቀበላቸው ወይም የመንግሥት ሥልጣን ያወጣቸው ወይም ያጸደቃቸው ሲሆኑ ነው። ማወቅ ከመፈረም ይቀድማል። አሻሚ የሆነ ደንብም ሲተረጐም ባዘጋጀው ላይ እንጂ በተቀበለው ላይ አይተረጐምም።

ሦስተኛ፣ ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት በተባለ ጊዜ ሕጉ የተዋዋዮችን ፊርማና የሁለት ምስክሮችን ማረጋገጫ ይጠይቃል። ማየት የተሳነው ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ ፊርማው ወይም የጣት አሻራው በአዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አይገደድበትም። ይህ ድንጋጌ የተጻፈው አብዛኛው ሕዝባችን ማንበብ በማይችልበት ዘመን ነው። አርቃቂዎቹ ወረቀት በደካማው ላይ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ዐውቀዋል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ዓላማው ከሕግ ወይም ከመልካም ጠባይ የተቃረነ ውል አይጸናም። ከዚህም ጋር የወንጀል ኃላፊነት በሁለት ሰዎች ውል የሚነሣ አይደለም። በቸልተኝነት ሰው መግደል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 543 የሚያስቀጣ ነው፤ ሟቹ ከጉዞው በፊት የፈረመው ወረቀት ዐቃቤ ሕጉን አያስርም።

የውጭ ፍርድ ቤቶች ምስክርነት

በሌላ አገር የተፈረደ ፍርድ ለእኛ ሕግ አይደለም። ጥያቄውን አጥርቶ ለማየት ግን ይረዳል። በ1949 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የቀረበ አንድ ጉዳይ ነበር። እንግዳዋ በሆቴሉ መቀበያ ከፍላ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ኋላ ፀጉራማ ካባዋ ተሰረቀ። ሆቴሉ በመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ ጠቀሰ። ፍርድ ቤቱ ውሉ የተፈጸመው በመቀበያው ጠረጴዛ ነው፤ ከዚያ በኋላ የታየ ጽሑፍ የውሉ አካል ሊሆን አይችልም አለ። ይህን ወደ ካምፑ ስናመጣው እንዲህ ብለን እንጠይቃለን፦ ገንዘቡ ከተከፈለ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ከተጓዘ፣ ፀሐይም ከጠለቀች በኋላ የቀረበ ፎርም ምርጫ ነው ወይስ መሸምገያ? እምቢ ያለ ተጓዥ በጨለማ ወዴት ይመለሳል?

በ1963 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታንክል በሚባለው ጉዳይ አንድ ሆስፒታል በሽተኛን ከመቀበሉ በፊት ያስፈረመውን መሰል ወረቀት ውድቅ አደረገ። በሽተኛው ለመደራደር አቅም አልነበረውም፤ አገልግሎቱም ለሕዝብ አስፈላጊ ነበር። እንግሊዞችም በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ የንግድ ድርጅት በቸልተኝነቱ ለሚደርስ ሞት ወይም የአካል ጉዳት ከኃላፊነት በውል እንዳያመልጥ ከለከሉ።

ወደ ርእሳችን እጅግ የሚቀርበው ግን በ2007 እ.ኤ.አ. የተፈረደው የሳንታ ባርባራ ከተማ ጉዳይ ነው። ከተማዋ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች የበጋ ካምፕ ታዘጋጅ ነበር። እናት ልጇን ለማስመዝገብ ከተማዋን ከማናቸውም ኃላፊነት ነፃ የሚያደርግ ፎርም ፈርማ ነበር። የ14 ዓመቷ ልጅ በካምፑ መዋኛ ሰጥማ ሞተች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለው ፎርም ከባድ ቸልተኝነትን ሊሸፍን አይችልም ሲል ወሰነ። ተራ ቸልተኝነትን በሚመለከት የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች በመዝናኛ ጉዳይ የተፈረሙ ፎርሞችን ብዙ ጊዜ ይቀበላሉ። ከፎርሙ ምንም ዋጋ የለውም ብለን እንዳናመልጥ ይህንንም መናገር አለብኝ። ፎርሙ በአንዳንድ አገር በአንዳንድ ነገር ይሠራል፤ ክርክሩ ወሰኑ የት ነው የሚለው ነው።

ተራራውና በረሐው

ተከራካሪው ወገን ጠንካራ መልስ አለው። ተራራ ተራራ ነው፤ ገደሉን አዘጋጁ አልቈፈረውም። ይህ እውነት ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሳንቃበር፣ የግጭና የጨነቅ ማደሪያዎች ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣሉ። ሌሊቱ ይበርዳል፤ አየሩ ይሳሳል። ወደዚያ የሚወጣ ሰው ይህን አደጋ ፈልጎ ይሄዳል፤ አደጋውም የደስታው ክፍል ነው። በጥር 2004 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር፣ በኤርታ አሌ አካባቢ በድንኳን ያደሩ አምስት አውሮፓውያን ጎብኚዎች በታጣቂዎች ተገደሉ። እንዲህ ያለውን ጥቃት ማንም አስጎብኚ ብቻውን ሊያስቀር አይችልም።

ስለዚህ በሁለት ዓይነት አደጋ መካከል መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ከቦታው ተፈጥሮ ወይም ከሦስተኛ ወገን የሚመጣ ነው። ሌላው ከአዘጋጁ ሥራ የሚመጣ ነው፦ ያልተፈተሸ ገመድ፣ ዋና የማይችሉትን ያለ ጠባቂ ወደ ሐይቅ ማስገባት፣ ጎርፍ በሚያልፍበት ወንዝ ዳር ድንኳን መትከል፣ የታመመን ሰው የሚያወርድ መኪና አለማዘጋጀት። የፎርሞቻችን ዋና ጉድለት «ማናቸውም ጉዳት» በሚል ሁለት ቃል ሁለቱን አደጋዎች አንድ ላይ መጠቅለላቸው ነው። ተጓዡ የመጀመሪያውን ለመቀበል በቂ ምክንያት አለው። ሁለተኛውን ሲቀበል የአዘጋጁን ቸልተኝነት በራሱ ወጪ መድን እየገባለት ነው።

በሰሜን ተራሮች ያለውን ልማድ ተመልከቱ። ጎብኚው ወደ ውስጥ ሲገባ የታጠቀ ስካውት አብሮት እንዲሄድ ይደረጋል። ይህ የአሮጌው ሐሳብ ተከታይ ይመስለኛል፦ መሬቱ የሚጠየቅ ሰው አለው፤ እንግዳውን የሚያውቅና የሚያደርሰው ሰው አለ። ጥበቃ በሰው ሲሆን አደጋውን ይቀንሳል። ፎርም ግን አደጋውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዛውረዋል እንጂ አያሳንሰውም።

ወደ ራሳችን ቤት

ይህ ጉዳይ የአስጎብኚዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ ለምሁራን ጉባኤ ባላቀረብኩት። ተማሪዎችን ለመስክ ጥናት የምንወስድ መምህራን ነን። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ልጆች ለወላጅ የሚያስፈርሙትን ወረቀት ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እናቱ ካልፈረመች ልጁ ብቻውን ከክፍል ይቀራል። ይህ የነፃ ሰው ስምምነት ነው ለማለት ይከብዳል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ራሱን በውል ማሰር እንደማይችልም ሁላችንም እናውቃለን።

የፎርሙ ትልቁ ኃይል ከፍርድ ቤት ውጭ ነው ብዬ እከራከራለሁ። በችሎት ቢፈተን ብዙው ክፍሉ ሊወድቅ ይችላል። ነገር ግን ለችሎት አይደርስም። እግሩ የተሰበረ ወጣት «እኔው ፈርሜአለሁ» ብሎ ዝም ይላል። ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ኀዘንተኞችን ሸኝተው ሲያበቁ የፈረሙትን ወረቀት እያሰቡ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። አዘጋጁም የተበላሸውን ሳያስተካክል የሚቀጥለውን ቡድን ይጭናል። በአገራችን ፊርማ ክብር አለው፤ ቃል ማለት ነው። ሕጋዊ ዋጋው ያነሰ ወረቀት በሰው ኅሊና ላይ ይህን ያህል እንዲከብድ ያደረገው ለቃላችን ያለን ታማኝነት ነው። ይህን ታማኝነት ለቸልተኝነት መሸፈኛ ማድረግ ደግሞ በደል ነው።

ታዲያ ፎርም ይቅር ወይ? አይቅር። ይለወጥ። አዘጋጁ የሚያውቀውን አደጋ በስሙ ይጻፍ፤ ብርዱን፣ ከፍታውን፣ ሐይቁን፣ ከሐኪም ቤት ያለውን ርቀት። ይህን ያነበበ ተጓዥ በእርግጥ ዐውቆ ተቀበለ ማለት እንችላለን። አዘጋጁም በበኩሉ የሚጠየቅበትን ይጻፍ፤ ዕቃውን መፈተሹን፣ የመጀመሪያ ርዳታ የሚያውቅ ሰው ማሰማራቱን፣ መድን መግባቱን። ሁለት ፊርማ ይኑረው፣ የእንግዳውና የአሳዳሪው። ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ይሰጥ፤ ተጓዡ በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለት። የሕግ ተማሪዎቻችን ደግሞ በየቦታው የሚፈረሙትን ፎርሞች እየሰበሰቡ ከ1952ቱ ሕግ ጋር ቢያስተያዩ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ፣ ለሕዝብም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።

መንገደኛው በደጃፍ ቆሞ «አሳድሩኝ» ሲል የነበረው ደካማነት ዛሬም አልተለወጠም። የተኛ ሰው ዛሬም ራሱን አይጠብቅም። የሮሙ ሊቅም፣ የአፈርሳታው ሽማግሌም፣ የ1952ቱ አርቃቂም በየራሳቸው መንገድ የተነሡት ከዚህ እውነት ነው። የእኛ ፎርሞችም ከዚሁ መነሣት አለባቸው።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።